«ውሃው እንደ ትናንቱ ነው»

ዛሬ ተማሪዎቼን ልለቅ ስል የመዲና ልጅ እየሳቀች የሰጠችኝን ደብተር ብገልጥ «ውሃው እንደ ትናንቱ ነው» ይላል። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ፤ ጨፋ ሜዳ ላይ ፀሐይ ነው፣ ማሽላው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከላይ ደጋው ግን ጥቁር ብሏል።

ያቺን መስመር አውቃታለሁ። ሦስተኛ ክፍል ያስተማረን ጋሼ ሁሴን ለትምህርቱ ሁሉ አንድ ደብተር ነበረው፤ ከትምህርት ቤታችን ግርጌ ወንዙ ዳር ምልክት የተቀባ እንጨት ተክሎ፣ ከመለቀቃችን በፊት ተረኛው ወርዶ ውሃው የቱ ምልክት ላይ እንደደረሰ አይቶ ይጽፋል፤ ያንኑ ጽሑፍ በማግስቱ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ እናሳምረዋለን፣ በሒሳብ እንደምረዋለን እንቀንሰዋለን፣ በሳይንስ ውሃው ከየት እንደመጣ እንጨምርበታለን፣ በስፖርት እንኳ ሮጠን ስንመለስ «ልባችሁ ምን አለ? ጻፉት!» ይለን ነበር። አማርኛው የጠፋበት በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው የጠፋበት በአማርኛ ስለሚጽፍ ደብተሩ የቅዳሜ ገበያ ይመስል ነበር፣ ጋሼም እያነበበ ይስቃል። የማይምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያላዩትን መጻፍ። ከማዶ የሚመጡት ልጆች ውሃውን የሚሻገሩት ያንን ገጽ አንብቦ ሲለቃቸው ነውና።

መዲና ከማዶዎቹ አንዷ ነበረች፣ የልብ ጓደኛዬ። ወይ ንባብ! እሷ ስታነብ ክፍሉ ዝም ይላል፤ ያደረ ጋዜጣ ይሁን የስኳር መጠቅለያ፣ ፊደል ያለበት ነገር ካገኘች ሳታነብ አታልፍም።

የዚያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቁልቁለቱን ወርዶ መውጣቱ ሰለቸኝ፣ እጄ ላይም ሁለት ዘይቱን ነበረኝ፤ ሾላው ሥር ቁጭ ብዬ ዘይቱኔን በላሁና የትናንቱን መስመር ገልብጬ ተመለስኩ። ጋሼ አነበበው፣ አመሰገነኝ፣ የማዶዎቹንም ለቀቃቸው። ደጋው ላይ ሲዘንብ መዋሉን ማን አየው? ደራሽ ውሃው መዲናን መሃል ላይ አገኛት።

ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ከታች መታጠፊያው ላይ ቁጥቋጦ ይዛ አገኟትና አወጧት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። አባቷ ግን «ለፊደል ብዬ ልጄን ለውሃ አልሰጥም» አሉ፤ በዚያው ከትምህርት ቤት ቀረች። አገሩ ሁሉ በጋሼ ላይ ተነሳ። እሱ ደብተሩን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ ልጅ ዋሸችኝ ግን ለማንም አላለም። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ቆይቶም መሞቱን ሰማን። እኔ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ ልማዱን ወረስኩ፣ ይቅርታ ሳልጠይቀው።

ይህን እያሰብኩ መዲና ልጇን ልትወስድ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ደረሰች።

«ነጉማ፣ ሰላም ነሽ፣ አንቺዬ? የኔይቱ ምን ጻፈች? እስኪ አንብቢልኝ» አለችና አጠገቤ ቁጭ አለች። የስኳር መጠቅለያ እንኳ ሳታነብ የማታልፈዋ መዲና!

አነበብኩላት።

«እሰይ! በይ እንሻገር፣ መሽቶብናል።»

«አትሻገሩም። አላየችም፤ ገልብጣ ነው የጻፈችው።»

ልጅቷ አቀረቀረች። መዲና ከእሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ በምን አወቅሽ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ንጋት ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ነገርኳት፤ ሾላውን፣ ዘይቱኑን፣ መስመሯን፣ ሁሉንም።

ደብተሩን ከጭኔ ላይ አንስታ ገለጠችው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆየች።

«ያ ረቢ» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ በየሶላቴ ስረግመው የኖርኩት ጋሼን ነበር።»

ከታች በኩል ውሃው ማጓራት ጀመረ።