የደቦው ቀን ብርኩታ

ልጅ እያለሁ፣ በቆቦ ዙሪያ ወንድ ልጅ ምድጃ አጠገብ የሚታየው ወይ ሲበርደው ወይ ሲርበው ነበር። እኔ ግን ሳይበርደኝም ሳይርበኝም እዚያው ነበርኩ። እናቴ ዱቄት ስትነፋ፣ ሊጥ ስታሸት፣ ቂጣ ስትገለብጥ ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቅልም። የተቆላ ሰሊጥ ሽታ፣ የጥቁር አዝሙድ ሽታ፣ አመድ ውስጥ የቀረች ቂጣ ጠርዟ ሲያር የሚሸተው ሽታ፣ እነዚህን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አንድ በአንድ መለየት እችላለሁ። እኩዮቼ "የማጀት አይጥ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። አባቴ ደግሞ በበሩ ባለፈ ቁጥር "ውጣ ከዚያ!" ይለኛል። እወጣለሁ፤ እሱ ሲርቅ ተመልሼ እገባለሁ።

ያለ ጉራ ልናገርና፣ ጉራም ከሆነ ይሁን፣ የማሽላን ጠባይ በልጅነቴ እንደኔ ያወቀ በዚያ ቆላ አልነበረም። ስንዴ በእኛ ዘንድ የእንግዳ እህል ነበር። የኛ እህል ማሽላ ነው፤ ማሽላ ደግሞ ግትር ነው። እንደ ስንዴ አይሳብም፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። ቂጣው ገና ሳይበስል እንደ በጋ መሬት ይሰነጣጠቃል። እናቶቻችን ይህን የአላህ ሥራ ብለው ትተውት ነበር። እኔ ግን አንድ ጠዋት ገንፎ እየበላሁ፣ ያው የማሽላ ዱቄት እንዴት ጣቴ ላይ እንደሚጣበቅ አየሁና ማሰብ ጀመርኩ። ገንፎ ሲሆን የሚጣበቅ ዱቄት ቂጣ ሲሆን ለምን ይፈረካከሳል? ልዩነቱ የፈላ ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ዱቄት በፈላ ውሃ አሽቼ፣ ግማሹን በቀዝቃዛ ለውሼ፣ ሁለቱን አዋሃድኩ። ሊጡ እጄ ላይ እንደ ጭቃ ታዘዘኝ። ማንም አላስተማረኝም። በኋላ ፊደል የለየሁትም እንደዚሁ ነው፤ ማስታወቂያና የመኪና ጽሑፍ እያነበብኩ፣ ያለ አስተማሪ።

ይህ ሁሉ እውቀት ከማጀት ወጥቶ ሰው ፊት የቆመው ግን በአንድ የክረምት መግቢያ ቀን ነው።

የኛ መሬት ዝናብ ጠብቆ አያበቅልም። በምዕራብ በኩል ባለው ደጋ ላይ ሲዘንብ ውሃው ተንደርድሮ ወደ እኛ ሜዳ ይወርዳል፤ እኛ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ መጥለፊያ ሠርተን ጎርፉን ወደ ማሳ እንመልሰዋለን። ጎርፉን ያልጠለፈ ሰው ማሽላው ቆሞ ይደርቃል። ያን ዓመት የመጀመሪያው ጎርፍ ሌሊት መጣና የአባቴን መጥለፊያ ጠራርጎ ወሰደው። ጠዋት ስንነሳ ደጋው ላይ ሌላ ደመና ቆሟል። ሁለተኛው ጎርፍ ሳይደርስ መጥለፊያው ካልቆመ የዓመቱ እህል የለም። አባቴ ሌሊቱን ደቦ ጠርቶ ነበርና ሰዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ አካፋና ዶማቸውን ይዘው ወጡ።

ደቦ የጠራ ሰው ማብላት አለበት። ሰው ጉልበቱን በነፃ ይሰጥሃል፤ አንተ ደግሞ በእንጀራና በወጥ ታከብረዋለህ። ያላበላህ እንደሆነ ማንም አይከስህም፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ "መጣሁ" እያሉ ይሄዳሉ፣ አይመለሱም። እኛ ቤት ደግሞ እናቴን ወባ ጥሏታል። ከተኛች ሰንብታለች፤ ሊጥ አልተቦካም፣ ወጥ አልተሠራም። አክስቶቼና የጎረቤት ሴቶች በዋዜማው አራስ ሊጠይቁ ወንዝ ማዶ ተሻግረው ነበር፤ ሌሊት ወንዙ ሞላና እዚያው ቀሩ። ወዲያ ማዶ ሆነው ነጠላቸውን ሲያውለበልቡ ይታያሉ፤ መሻገር ግን አይቻልም።

አባቴ እናቴ አልጋ አጠገብ ቆሞ ጢሙን ሲያሻሽ አስታውሳለሁ።

"ምን ላብላቸው?" አላት።

እናቴ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ "ሁሴን አለ አይደል?" አለችው።

"ሁሴን!" አለ አባቴ፣ ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ማጀት ለማጀት ስትርመሰመስ ከርመሃል። እስቲ ዛሬ ለቁም ነገር ይሁን።" ይህን ብሎ ዶማውን ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ።

እንጀራ ልጋግር ብል የቦካ የለም። ስለዚህ ያልቦካ ሊጥ የሚችለውን መረጥኩ፤ ብርኩታ። ብርኩታ ከብት ይዘው ሩቅ የሚወርዱ ጎረምሶች ምግብ ነው። ድንጋይ በእሳት ያግሉና ሊጥ ያለብሱታል፣ ከዚያ ፍም ውስጥ ይቀብሩታል፤ ዳቦው ከውስጥ በድንጋዩ፣ ከውጭ በፍሙ ይበስላል። ወንድ ቢጋግረው የማያሳፍር አንድ ዳቦ እሱ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ብርኩታ የመንገድ ምግብ ነው፣ ለደቦ ብርኩታ ማቅረብ እንግዳን እንደ ከብት ነጂ መቁጠር ነው። እኔ ግን የመንገዱን ብርኩታ ላቀርብ አላሰብኩም። ደጋሊት የሚባለውን ቢጫ ማሽላ ዱቄት እንደ ልማዴ በፈላ ውሃ አሸሁት፤ እንዲይዝልኝ የሽምብራ ዱቄት ጨመርኩ፤ በቀረው ውሃ ፈንታ ወተት፤ ሰሊጥ ቆልቼ፣ ጥቁር አዝሙድና ትንሽ አብሽ ወቅጬ አዋሃድኩ። ትልቁን ገበቴ ሞላሁ። ቅቤውን ከበርበሬና ከኮረሪማ ጋር አንጥሬ በቅል ያዝኩና ገበቴውን ተሸክሜ ወደ ማሳው ወረድኩ፤ ትኩሱን እዚያው ለመስጠት።

መጥለፊያው አጠገብ እሳት አነደድኩ። ድንጋይ ደግሞ ሌሊት ጎርፍ ያመጣቸው ክብ ክብ የሆኑ፣ ያማሩ ድንጋዮች ዳር ዳሩን ተደርድረው ነበር፤ እነሱን ለቅሜ እሳት ውስጥ ከተትኩ። የወንዝ ድንጋይ ውሃ ጠጥቶ እንደሚያድር ያን ጊዜ የነገረኝ የለም፤ ዛሬ ይህን የማያውቅ ካለ ከእኔ ይማር። ገና ሳይግል አንዱ ዷ! ብሎ ፈነዳ። ሌላው ተከተለ። ፍሙ ወደ ላይ ተበተነ፣ አመዱ ፊቴን አለበሰኝ፣ ስባሪው ሰዎቹ መሀል ድረስ በረረ።

ሰዎቹ ደንግጠው መሬት ላይ ተደፍተው ነበር። ቀና ሲሉ አያ ይመር፣ የመንደራችን አፈኛ፣ አቧራውን እያራገፈ ተነሳ።

"ያ ጀምዓ! ቁርሱ ተኮሰብን!"

ሳቁ ወንዝ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። ሌላው "እንድሪስ፣ ልጅህ ሊያበላን ነው ሊጨርሰን?" አለ። አያ ይመር ግን በሳቅ አልበቃውም። አካፋውን መሬት ላይ ሰካ። "እኔ በበኩሌ ቤቴ ሄጄ ቆሎ ቆርጥሜ ልምጣ" አለ።

ሁላችንም ምን ማለት እንደሆነ አውቀናል። እሱ ከሄደ ሌላው ይከተላል። መጥለፊያው ገና ወገብ አልደረሰም፤ ደጋው ደግሞ ጠቁሯል፣ ነጎድጓዱም ይሰማል። አባቴ ዶማውን አስቀመጠ። ወደ እኔ መጣና ዝቅ ባለ ድምፅ "ሊጡ ተርፏል?" አለኝ።

"ሊጡ አልተነካም፤ ድንጋዩ ነው የከዳኝ" አልኩት።

"እንግዲያ ሌላ ድንጋይ ፈልጋ።" ከዚያ ዞር አለና "አያ ይመር፣ አንድ ጊዜ ታገሠኝ። ካልጣመህ እኔው ራሴ ቤትህ ድረስ እሸኝሃለሁ" አለው።

ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከማሳው ጫፍ ካለው ግራር ሥር ከብት ነጂዎች ከርመውበት ትተውት የሄዱት የድሮ ምድጃ አለ። አመዱን በእግሬ ስገልጠው የጠቆሩ ድንጋዮች ወጡ። አስቀያሚ ናቸው፣ አንዱም ክብ አይደለም። ግን ስንት እሳት አይተዋል! ሊፈነዳ የነበረው ያኔ ፈንድቷል፤ የቀረው የተፈተነው ነው። ይህንን በዚያች ቅጽበት፣ ነጎድጓድ እየሰማሁ፣ ሰው እየሳቀብኝ አሰብኩት። ብዙ ትልልቅ ሰዎች በዚያ ጭንቀት ውስጥ የገዛ ስማቸውም ይጠፋቸዋል።

ድንጋዮቹን ፍም ውስጥ እንደ ብርቱካን እስኪቀሉ አጋልኳቸው። ሰዎቹ እየሠሩ በዓይናቸው ይጠብቁኛል፤ ሌላ ፍንዳታ የሚጠብቁ ነበሩ። አልፈነዳም። በእርጥብ እንጨት እያወጣሁ ሊጥ አለበስኳቸው። ሊጡ ጢስስ አለና ድንጋዩን አቅፎ ያዘ፤ አንድም አልተሰነጠቀም። ፍም ውስጥ ቀበርኩ፣ በትኩስ አመድ ሸፈንኩ። ከዚያ ሽታው ወጣ። ሰሊጡ ቀደመ፣ አዝሙዱ ተከተለ፣ ቀጥሎ የተጠበሰ ማሽላ ጣፋጭ ሽታ። የአካፋው ድምፅ ሲቀንስ ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ "ቢስሚላህ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ለራሱ።

አውጥቼ በጣቴ መታ መታ ሳደርገው እንደ ቅል ባዶ ድምፅ ሰጠኝ፤ በስሏል። አመዱን አራግፌ ገመስኩት፣ ድንጋዩን አወጣሁና ድንጋዩ ተኝቶበት የነበረውን ጎድጓዳ በቀይ ቅቤ ሞላሁት። የመጀመሪያውን ለማን እንደምሰጥ አላመነታሁም። ለአያ ይመር።

ቆረሰ፣ ከቅቤው አጠቀሰ፣ ጎረሰ። ዝም አለ። አያ ይመር ዝም ሲል ያየ ሰው በመንደራችን አልነበረም። ሁለተኛ ጎረሰ።

"አያ ይመር፣ ቆሎህስ?" አለው አንዱ።

"የምን ቆሎ?" አለ አፉን ሞልቶ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ልጅ፣ ይህን ማን አሳየህ?"

"ማንም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ፣ ማንም።"

"እንድሪስ!" አለ ወደ አባቴ ጮሆ። "የነገ ደቦ እኔ ቤት ነው። አንተ ብትቀር ቅር፤ ይሄን ልጅ ላክልኝ!"

አሁንም ሳቁ፤ ይህ ሳቅ ግን ሌላ ነበር። አንድም ሰው "መጣሁ" ብሎ አልሄደም። በልተው፣ እጃቸውን አፈር ላይ አሽተው ተነሱ። ሰው እንደዚያ ሲሠራ አይቼ አላውቅም፤ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይበራል፣ ቅርንጫፉ ይነጠፋል፣ አፈሩ ይደፋል። መጥለፊያው ደረት ደረሰ። የዐስርን ሶላት ሰግደው እንደጨረሱ ከላይ ያ ድምፅ መጣ፤ መሬት ከሥር ሲያጓራ የሚመስለው። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ መጣ፣ መጥለፊያውን ገጨ፤ መጥለፊያው አንዴ ተንቀጠቀጠ። አልፈረሰም፤ ቆመ። ከዚያ ጎርፉ እንደ ታዘዘ በሬ ዞረና ወደ ማሳችን ገባ፤ በየመስመሩ እየተከፋፈለ፣ አረፋውን እየነዳ፣ የተጠማውን መሬት ጮክ ብሎ እያስጠጣ።

አባቴ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ "አልሀምዱሊላህ" አለ። ሰዎቹ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት በእጁ ወደ እኔ አመለከተ፤ "ለሱ በሉት" አላቸው። አያ ይመር ትከሻው ላይ አነሳኝ። የማጀት አይጥ ያሉኝ እኩዮቼ ዳር ቆመው ያያሉ። እኔም ከላይ ሆኜ አየኋቸው፤ በደንብ አየኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባቴ እንጨት ፈልጦ ማጀቱ በር ላይ ከምሮ ሄዷል። ከዚያን ቀን በኋላ "ውጣ ከዚያ" ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ ቆቦ ከተማ ውስጥ ነው የምኖረው፤ ባጃጁ ጎህ ሳይቀድ ይጮሃል፣ የቤቱን ቁርስ የምሠራው እኔ ነኝ። የስኳር በሽታ ያለበት ልጄ የጤፍና የአጃ ቂጣውን ያለ ስኳር ያገኛል። ወተት የማትወድ የልጅ ልጄ የተጠበሰ ዱባ ያለበትን ዳቦ ስትበላ ውስጡ ወተት እንዳለ አታውቅም። ሙዝ ሲበዛ በሙዝ፣ ፓፓያ ሲረክስ በፓፓያ፣ ምንም ሲጠፋ በሽምብራ፤ ያልተገኘውን ትቼ በተገኘው እጋግራለሁ። በኤሌክትሪክ ምድጃ የማወጣው ኬክ ከኬክ ቤቱ ይበልጣል፤ የማያምን ይምጣና ይቅመስ። ሮቢት ከተማ ያለው ወንድ ልጄም ሚስቱ ሥራ ስትሄድ እጅጌውን ሰብስቦ ሊጥ ያሻል፤ ጎረቤት እያየ፣ ማንም ምንም ሳይለው። ይህ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ለዚህ መንገድ ከከፈቱት አንዱ እኔ ነኝ ብል ማንም ሐሰት አይለኝም።

ብቻ አንዳንድ ጠዋት ትሪውን አቅርቤ ስቀመጥ ይመጣብኛል። ያ ማሳ አሁን በሞተር ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ሽንኩርት ያበቅላል፤ ደመና የሚጠብቅ የለም። ልጆቹ ቁርሱን ከመብላታቸው በፊት በስልክ ፎቶ ያነሱታል፣ አዲስ አበባ ላሉት ይልኩታል፣ ምስጋናው ከዚያም ከዚህም ይመጣል። ደስ ይለኛል፤ ውሸት አልናገርም። ግን በልተው ሲነሱ አንዱ ወደ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ወደ ቢሮ፣ አንዱ ወደ ሱቁ ይበተናሉ። ያን ቀን የበሉት ሰዎች አብረው ተነስተው ጎርፍ አቆሙ። ከመካከላቸው ዛሬ በሕይወት ያለ ማንም የለም። የጋገረላቸው ግን አለ፤ ነገም ማልዶ ይነሳል።