ማቆያ ቤቱ ውስጥ የቀረበልኝ ምሳ

ባለፈው ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ ከባጃጅ ስወርድ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጦ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ዘንዘልማ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አንዱን ነገር አራት ጊዜ ሲደግሙት ስሰማ ነው የዋልሁት። የባሕር ዳርን የግንቦት ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ... ሰው ያዝላል። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ገጽ ደብዳቤ አለ። እሱን ለጣና ዳር ሴቶች አድርሼ፣ አስፈርሜ፣ ቤቴ ገብቼ መተኛት ብቻ ነበር ሐሳቤ።

ሴቶቹ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ የደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ አሳ ያጠምዳሉ፤ ሴቶቹ ሰሌን ይሠራሉ፣ አሳውን ይሸጣሉ። እነዚህ ሴቶች ማንም ሳያዛቸው ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት ሠርተዋል። ቀኗ የደረሰ እዚያ ትገባለች፣ በተራ ያበስሉላታል፣ ምጥ ሲይዛት ጤና ጣቢያ ያደርሷታል። እኔ በአሠልጣኝነት የምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ደርሶ «አስተባባሪ እንመድብላችሁ» አለ። እነሱም «መልካም፣ ሐያትን መድቡልን» አሉ። ሐያት የራሳቸው ልጅ ናት፣ በአዋላጅነት ተመርቃለች።

ደብዳቤው የሚለው ሐያት አትሆንም ነው። ልምድ ያላት ሰው ከሌላ ቦታ ትላካለች ይላል። እኔ አልጻፍሁትም... ግን ቢሯችን ውስጥ ሲወሰን አፌን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ደክሞኝ ነበር፣ እውነቱ ይኸው ነው።

የሴቶቹ ሰብሳቢ እማማ ዘይነባ ደብዳቤውን አስነብበው ሰሙ። ከዚያ፣

«የምትልኳት ልጅ ከእናቶቹ ጋር ትበላለች?» አሉኝ።

«እማማ፣ እሷ የምትመጣው ለሥራ ነው እኮ። ሥራና ምግብ ምን አገናኘው?»

«የጤና ጣቢያው ማቆያ ውስጥ የወንድሜን ልጅ ኩባያዋን ለብቻ አስቀመጡባት። አብረዋት የተኙት እርጉዞች ናቸው። ተናዳ ጥላ ወጣች። እቤቷ ስትወልድ ደም ፈሰሳትና ሞተችብን። ይኸን ቤት የሠራነው ያኔ ነው።»

ይኸን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። እኔ ደግሞ የሥልጠና አፍ አለኝ አይደል፣ «እሱ እኮ ድሮ ቀረ እማማ፤ አሁን ሰዉ ሁሉ ተምሯል» አልኋቸው።

«ይሁን» አሉና የእጅ ውኃ አስመጡ። ተከትሎ የአሳ ወጥ በእንጀራ ቀረበ። ወጡ ትኩስ ነው፣ ሽታው ያውዳል፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም።

እንግዲህ አትፍረዱብኝ አልልም፣ ፍረዱ። ያደግሁት እንፍራንዝ ነው። እኛ ቤት ከእነሱ እጅ አይበላም። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ትልቅ ሰው ሆኜ «ይህ ጎጂ ልማድ ነው» እያልሁ ስንቱን ሰብስቤ አስተምሬያለሁ። ያን ዕለት ግን አፌ ቀደመኝ።

«ኧረ እማማ እግዜር ይስጥልኝ... ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ አልገድፍም።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሁለት እርጉዞች አቀረቀሩ። እማማ ዘይነባ አየት አደረጉኝና፣ ቀስ ብለው፣

«የኔ ልጅ፣ ሃምሳው መች ወጣ?»

ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም አርብም አይጾምም። ይኸ ጠፍቶኝ አይደለም፣ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ። ሙስሊሟ እማማ ዘይነባ ያስታወሱትን እኔ ረሳሁት። እንዴት እንደሚያውቁ ግራ ገብቶኝ ሳፈጥባቸው፣ «አሳ ሻጭ ነን፤ ጾም መግባቱንና መውጣቱን ካላወቅን በምን እናድራለን?» አሉኝ።

ፊቴ ነደደ። እጄን ለመታጠብ ዘረጋሁና «እበላለሁ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ።

«ተይው። አስገድደን ልናበላሽ አይደለም ያቀረብነው» አሉና ሳህኑን አንስተው ለአንዷ እርጉዝ ሰጧት። «አንቺ ክፉ አይደለሽም። ደግ ናት ሲሉሽ ሰምቻለሁ። ደግ ሆነሽም እንዲህ ነሽ። የምትልኳት ከአንቺ ትሻላለች?»

ለማስፈረም ያወጣሁትን እስክሪብቶ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

ደብዳቤውን አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ልጆቻችን ተከፍተው ጥለው የማይወጡት ቤት ነው የሠራነው። ሐያትን ካልመደባችሁ ማንንም አትላኩብን፣ ራሳችን እንይዘዋለን። ይኸን ንገሪልን።»

በማግስቱ ሪፖርት ልጽፍ ተቀመጥሁ። «ደብዳቤውን ያልተቀበሉበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለው። እጄ ለምዶበት «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ጻፈ። አየሁት... የማን ግንዛቤ? ሰረዝሁትና «የላክነው ባለሙያ ውሸት ተናግሮ ምሳቸውን ስላልበላ» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩም ሐያት ትመደብ አልሁበት።

አለቃዬ አስጠራኝ። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

«ማነው ይኸ ባለሙያ?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብለሽ ነው ያልበላሽው?»

ነገርሁት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ አምና ስሄድ ጨጓራ አለብኝ ነው ያልኋቸው» አለኝ።

ከዚያ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ፈረመልኝ።

መሥሪያ ቤታችን እዚያ ደጅ ሲደርስ ግማሹ ይታመማል፣ ግማሹ ይጾማል... ሐያት ጤነኛ ናት፣ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።