እናቴን ጃፓን ፍል ውሃ ልወስዳት ስል

ወንድሜ ጃፓን ውስጥ፣ በተራሮች መሀል ባለች ትንሽ ከተማ ይኖራል። ለትምህርት ሄዶ፣ እዚያው ሥራ ይዞ፣ የዚያው አገር ሴት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። እናታችን ልጆቹን የምታውቃቸው በስልክ ነው። ቡታጅራ ካለው ቤቷ ሆና ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ «ማሻአላህ፣ ይሄኛው ቁርጥ አባቱን!» ትላለች፤ እነሱ ደግሞ የሚያዩት ግማሽ ግንባሯንና የቤቱን ጣሪያ ነው። ባለፈው ዓመት ወንድሜ «በቃ፣ እማን ይዘሽልኝ ነይ። ተራራውንም እናሳያታለን፣ ለጉልበቷም ፍል ውሃ አለ» አለኝ። እኔ ወልቂጤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተራራና ፍል ውሃ ያለበትን ጉዞ አንቺ አቅጂው ከተባልኩ በኋላ ማን ያስቆመኛል?

ማቀድ እወዳለሁ። ቤተሰቤ ይሄን ጠባዬን አይወድልኝም። ጥያ ድረስ ሄደን ትክል ድንጋዮቹን ለማየት እንኳ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ የት ወርደን ሻይ እንደምንጠጣ አስቀድሜ ካልወሰንኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባሌ «አንቺ እኮ ሽርሽሩንም ፈተና ታደርጊዋለሽ» ይለኛል። በዚህ ጉዞ እሱ ስለማይመጣ በሆዱ ሳይደሰት አልቀረም።

እንደጀመርኩት ከወንድሜ ጋር መነታረክ መጣ። እሱ ከአገር ሲወጣ እናታችን ገበያ ላይ የበርበሬ ጆንያ ብቻዋን ታነሳ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ትመስለዋለች። ጫፍ ድረስ በእግር እንውጣ ይላል። «ጉልበቷ እንዳለቀ ታውቃለህ?» ስለው «በሽቦ ገመድ የሚወጣ ኬብል ካር አለ እኮ፣ ቁጭ ብላ ትወጣለች» ይላል። «ከኬብል ካሩ ስትወርድስ? ደረጃው ስንት ነው? ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው?» እንዲህ እያልኩ አደርቀዋለሁ። የእኔ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ጉዞው ያኔ ሆነ። እዚያ የሙቀት ወራት ቢሆንም ተራራው ላይ ቀዝቀዝ ይላል፤ ጫፉ አካባቢ ደግሞ ያልቀለጠ በረዶ አይጠፋም። ትንሿ ልጄ በረዶ ካልነካሁ አልመለስም ስላለች ይሄም ከዕቅዱ ገባ። አንድ ቀን ከተጓዝን በማግስቱ እናርፋለን፤ ሕፃናቱም አሮጊቷም የሚሄዱት ሜዳ ሜዳውን ነው። የወንድሜ ሚስት የምናርፍባቸው ቤቶች ጋ እየደወለች፣ ሾርባው ውስጥ የአሳማ ሥጋና መጠጥ እንዳይገባ ትጠይቅልን ነበር። ሩዙና ዓሣው ለብቻ በንጹሕ ድስት እንዲሠራልን ስትለማመጥ ሰምቼ አሳዘነችኝ። «ኢንሻአላህ» ማለት ተምራለች፤ ከስልኩ ማዶ ሆና ስትለው እናቴ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

እናቴም ደስ ብሏታል። «ተራራ ለማየት ነው ጃፓን ድረስ የምታንከራትቱኝ? ዘቢዳር ምን አደረጋችሁ?» ትላለች፣ በበሯ ፊት ለፊት የተገተረውን ተራራ በአገጯ እያሳየች። ያም ሆኖ ገበያ ውስጥ ያልነገረችው ሰው የለም። በርበሬ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «ከሐምሌ በፊት ውሰድ፣ እኔ ጃፓን ነኝ» ትለው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በፍል ውሃው ነው። ፍል ውሃ መድኃኒት መሆኑን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም። ወንድሜ የላከውን ፎቶ አሳየኋት፤ ከእንጨት የተሠራ ገንዳ፣ እንፋሎቱ፣ ከማዶ ተራራው። «አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ያምራል» አለች። ከዚያ ደንቡን ነገርኳት። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ነው የሚገቡት፤ ግን ልብስ የሚባል ነገር ይዞ መግባት በእነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ሁሉም እንደተፈጠረ ነው የሚገባው፤ ልጅ የእናቷን ጀርባ ታጥባለች። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«እናንተ ግቡ» አለችኝ። «እኔ ልብሳችሁን እጠብቃለሁ።»

ይሄን ጠብቄው ነበር። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ሸርተት ሲል የምትደነግጥ ሴት በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ራቁቷን ትሁን ማለት ድፍረት ነው። ለወንድሜ ነገርኩት፤ ሚስቱ ስትደውል ስትደውል ቆይታ፣ ቤተሰብ ለብቻው ከውስጥ ቆልፎ የሚታጠብበት ገንዳ ያለው ማረፊያ አገኘች። መጀመሪያ እናቴ፣ እኔና ልጄ፣ ከዚያ እነሱ። እንደ ትልቅ ድል ቡታጅራ ደውዬ አበሰርኳት።

«ከአንቺም ጋር አልገባም» አለችኝ።

«ከእኔ? ከሆድሽ የወጣሁት ልጅሽ ነኝ እኮ፣ እማ!»

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። እናቴ በሰፈሩ ሴት ስትሞት ጀናዛ ከሚያጥቡት አንዷ ናት። ወጣት ሳለች ጀምራ፣ እሷ ሳትነካት ወደ መቃብር የሄደች የሰፈር ሴት ጥቂት ናት። «የሰፈሩን ሴት ሁሉ ስታጥቢ ኖረሽ» አልኳት እየሳቅኩ፣ «ተራው የአንቺ ሲሆን ነው ሐፍረቱ የመጣው?»

አልሳቀችም። «እኔን የምታጥበኝ ጊዜው ሲደርስ ትመጣለች» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ሰበቡ በየተራ መጣ። ጉልበቴ፣ የአውሮፕላኑ ነገር፣ የበርበሬው ወቅት፣ መጥፎ ሕልም። በመጨረሻ «አልሄድም፣ እናንተ ሂዱ» አለች። ወንድሜ ሲሰማ ድምፁ ተሰበረ። «እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። «የልጆቼን እናት ስላልወደደቻት ነው፣ አይደል?» ያገባ ጊዜ እናታችን ብዙ ወራት እንዳኮረፈችው ልቡ አልረሳም። ሞኝነት ነው አልኩት፤ አላመነኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስቱ ስልኩ ላይ አትታይም። ልጆቹም «አያታችን ለምን ቀረች» ይላሉ አለኝ። እናቴን በጣም ተናደድኩባት። ይሄ ሁሉ ሰው የደከመላት፣ ልጇ ከባዕድ አገር ሆኖ የሚያለቅስላት፣ እሷ በሐፍረት ሰበብ ቤቱን ልታፈርስበት።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ቡታጅራ ወረድኩ። ግቢዋ ውስጥ በርበሬ ትለቅማለች። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብዬ ስገባ እንደ ወትሮው ተነስታ አላቀፈችኝም፤ በቀኝ እጇ ብቻ ሳበችኝና ሳመችኝ። ግራ ክንዷ ከጎኗ ተጣብቋል።

«ክንድሽ ምን ሆኗል?»

«ጅማት ነው። ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። የመጣሁት ልጣላ ነበርና ተጣላሁ። የሚስቱን ድካም፣ የወንድሜን ለቅሶ፣ የልጆቹን ጥያቄ አንድ በአንድ ዘረገፍኩላት። «ሚስቱን ንቀሽ የቀረሽ መስሎታል» አልኳት። «ይህን በሆዱ ይዞ ይኑር?»

እጇ ላይ የነበረውን በርበሬ ጣለችው። «እሷን? ያቺን ምስኪን? ሾርባዬን ሳይቀር የጠየቀችልኝን?»

«እሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው።»

ተነሳችና ወደ ውስጥ ገባች፤ ተከተልኳት። «በሩን ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት። ጀርባዋን ሳታዞርብኝ ቀሚሷን በአንገቷ አወጣች። ግራ ጡቷ ላይ ታጥቦ የነጣ ጨርቅ አስራለች። ስትፈታው ጡቷ ወደ ውስጥ ተስቦ፣ ዙሪያው ድንጋይ ሆኖ፣ ቁስሉ ከፍቷል። ቅቤና ቅጠል ስትቀባው ኖራለች። ሽታው ገና አሁን ነው የመጣብኝ።

መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ። ከፍርሃቴ በላይ ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ረመዳን በፊት።»

«ሐኪም ቤት ለምን አልሄድሽም? ለምን አልነገርሽኝም?»

ጨርቁን መልሳ እያሰረች፣ ረጋ ብላ ነገረችኝ። «እነማን እንደሆኑ አልነግርሽም። አጣቢ አፏ ዝግ ነው፤ ከጀናዛ ላይ ያየነውን አናወራም፣ አማና ነው። ግን ይሄ የነበረባቸውን አጥቤያለሁ። ጡታቸው የተቆረጠ፣ ፀጉራቸው ያለቀ፣ ቆዳቸው የጠቆረ። ሁሉም ሐኪም ቤት የሄዱ ናቸው። ወላሂ፣ አንዲት የተረፈች አላየሁም። ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ልሂድ?»

ሰፈሯ ውስጥ አንድ ሰው ቢጠይቃት ኖሮ ይሄን ሐሳብ በአንድ ደቂቃ ያስጥላት ነበር። ግን ማን ይጠይቃት? ያየችውን እንዳትናገር ታስራለች፤ ካልተናገረች ደግሞ የሚያርማት የለም። በየጀናዛው ፊት ቆማ፣ ብቻዋን፣ በገዛ ዓይኗ ያረጋገጠችው ነገር ነው።

«እማ» አልኳት፣ «የዳነች ሴት አንቺ ዘንድ ምን ልትሠራ ትመጣለች?»

አየችኝ።

«የዳኑት ቤታቸው ናቸው። አንቺ እጅ የሚገቡት ያልዳኑት ብቻ ናቸው።»

የጨርቁን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። «የዳኑ አሉ?» አለች በመጨረሻ።

«አሉ። እኛ ትምህርት ቤት አለች፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የምታስተምር። ተቆርጣለች፣ ታክማለች፣ ዛሬም ታስተምራለች።»

«እንዲህ ያለች ሴት አለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«እሷም እንዳንቺ ዝም ብላ ነዋ! እኔም ያወቅኩት አጠገቧ ስለምሠራ ነው።»

ትድኛለሽ ብዬ ልምልላት ፈለግኩ፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። ቁስሉን አይቻለሁ። ቀድማ ብትሄድ ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን እንደነበር እሷም ገብቷታል፤ ከፊቷ አነበብኩት፤ ምናለ ባልገባት ብዬም ተመኘሁ። «እኔ አላውቅም፣ እማ። ሐኪሙ ይንገረን» አልኳት።

ቡታጅራ ያለው ሐኪም ቤት አይሆንም አለች፤ ሁሉም ያውቃታል። ወልቂጤ አጠገብ ያለው አታት ሆስፒታል ከሆነ እሄዳለሁ አለች። የጃፓኑ ዕቅድ የት ገባ? በዚያ ሰዓት አላሰብኩትም። በማግስቱ እሁድ ወልቂጤ እኔ ዘንድ አምጥቻት አደረች።

ሰኞ ጠዋት ልንሄድ ስንል «እንዲህ ሆኜ ሐኪም ፊት አልቀርብም፣ ገላዬን እጠቢኝ» አለችኝ። ክንዷ ስለማይዞርላት ብቻዋን አልቻለችም። ውሃ አሞቅኩ፣ ሳፋውን አስጠጋሁ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ጀርባዋን ከነጭራሹ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጠባብ ነው፤ የጆንያ ተሸካሚ ጀርባ አይመስልም።

«ጨርቁን እጅሽ ላይ ጠቅልዪው» አለችኝ። «መጀመሪያ ቀኙን። ውሃውን አትድፊው፣ ቀስ አድርገሽ አፍስሺ። አትቸኩዪ፣ ፊትሽንም አታዙሪ።»

እንደነገረችኝ አደረግኩ። ጥቂት እንደሄድኩ እጄ ቆመ። ስለ ዛሬው ገላዋ አልነበረም የምትነግረኝ፤ ጀናዛ የማጠብ ሥራዋን እያስተማረችኝ ነው።

«ያየሽውን ደግሞ...» ብላ ስትጀምር አላስጨረስኳትም።

«እናገራለሁ!» አልኳት። እንባዬ ይወርዳል፤ አልደበቅኩትም። «ያየሁትን ዛሬውኑ ለሐኪሙ እናገራለሁ። ለወንድሜ እናገራለሁ። ለሚስቱም እነግራታለሁ፣ እማ። አንዱንም አልደብቅም።»

ውሃው ከትከሻዋ ላይ ይንጠባጠባል። አላየችኝም።

«እሷን ቀስ አድርገሽ ንገሪያት» አለችኝ፤ ከዚያ ግራ ክንዷን አነሳችልኝ።