የሮደሪክ ቬይን ጀርባ

ሆሊውድ ውስጥ የኦርቪል ታኬት ሥራ መቆም ነበር። ዝነኛው ተዋናይ ሮደሪክ ቬይን ክፍሉ ውስጥ ጋደም ብሎ ሲጋራውን ሲያቦን፣ እኛ የመብራት ሠራተኞች መብራቱን የምናስተካክለው ኦርቪልን አቁመን ነው፤ በቁመትም በመልክም ቁርጥ ቬይን ነበርና። «ተገትረህ ደሞዝ የምትበላ አንተ ብቻ ነህ!» እያልን እንተርበው ነበር። መብራቱ ልክ ሲሆን ኦርቪል ይወጣል፣ ቬይን ይገባል፣ ካሜራው ያኔ መቅረጽ ይጀምራል። ስንት ዓመት ሲቆም ፊቱ አንዴም ፊልም ላይ አልወጣም። ሚስቱ ኔላ ግን አንድም ፊልም አያመልጣትም፤ «ምናልባት» እያለች ትገባለች። ይህቺ «ምናልባት» ታናድደኝ ነበር።

ቬይን ፊልሙ ሳያልቅ ድንገት ሞተ። የቀረው መጨረሻው ነበር፤ ቬይን የሚጫወተው ሰው ሚስቱን ተሰናብቶ በበሩ ይወጣል። ዳይሬክተሩ ክሮል ኦርቪልን ጠራው።

«ኮቱን ልበስና ውጣ። እንዳትዞር፣ እሺ?»

«ትንሽ ዞር ብልስ፣ ሚስተር ክሮል?»

«ሕዝቡ የሚመጣው ቬይንን ሊያይ ነው፣ ወንድሜ። አንተን ማን ያውቅሃል?»

መጀመሪያ እንደታዘዘው ወጣ። ቀረጻው ሲደገም ግን በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። እውነቴን ነው፣ ቬይን በሕይወቱ እንዲያ ተሰናብቶ አያውቅም። ክሮል «እስቲ እናያለን» አለ። ኦርቪል ፊልሙ እስኪወጣ በዚያች ቃል ኖረ።

ሲኒማ ቤት ሦስታችንም አብረን ገባን። ኔላ አዲስ ኮፍያ አድርጋለች። መጨረሻው ላይ ኦርቪል የበሩን እጀታ ያዘ፣ ትከሻው መዞር ሲጀምር ተቆረጠ፤ «ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ መጣ። አዳራሹ በሙሉ ቬይንን አለቀሰ።

ከፊታችን አንዲት ሴት ጓደኛዋን «አረማመዱን አየሽልኝ? ምስኪን፣ መሞቱን አውቆታል እኮ!» አለቻት።

ኔላ የባሏን እጅ ጨበጥ አድርጋ «አንተ ነህ፤ ጀርባህ ይጠፋኛል?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋ ያልረገጠው ስቱዲዮ የለም። ፊልም ላይ ከሕዝብ መሐል ለመቆም እንኳ ለመነ። አንዱ ቀጣሪ ቀና ብሎ ሲያየው ደነገጠ።

«በዚህ መልክ? የሞተ ሰው ፊት ይዘህ የት ላስገባህ?»

አሁን ጢሙን አሳድጎ ነዳጅ ማደያ ይሠራል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ሲኒማ ልጋብዛቸው ብል፣ ኔላ ከልብስ ስፌቷ ቀና ሳትል «ምን ልናይ?» አለችኝ። ያቺ የምታናድደኝ «ምናልባት» ናፈቀችኝ።