በባሕሩ ዳርቻ የተገዛች ሳምንት

ኖሪን ሻንጣዋን እየጎተተች የባሕር ዳርቻው የዕረፍት ፎቅ እንግዳ መቀበያ ጋ ስትደርስ የክፍሏን ቁልፍ አልሰጧትም። «መጀመሪያ ትንሽ ቁርስ ይቅመሱ፤ ልጆቹ አዲስ ነገር ያስረዱዎታል» አለቻት ከጠረጴዛው ኋላ የቆመችው ልጅ።

ኖሪን ይህን ቁርስ ታውቀዋለች። አንዴ በልታው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትከፍልበት ኖራለች።

ያኔ ከባሏ ከክላይቭ ጋር ለዘመድ ሠርግ፣ በአውስትራሊያ ገጠር ካለችው ከተማቸው ከካዮግል ወደ ጎልድ ኮስት የባሕር ዳርቻ ወርደው ነበር። መንገድ ላይ አንዲት ልጅ ካርድ አስፋቀቻቸውና «የዳቦ መጥበሻ ደረሳችሁ! ቁርስ በሉ፣ ትንሽ ገለጻ ስሙና ውሰዱ» አለቻቸው። እንቁላልና የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በሉ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተለፈለፈባቸው። ሲወጡ ክላይቭ በአንድ ብብቱ መጥበሻውን፣ በሌላው ውሉን ይዞ ነበር። የገዙት ሳምንት ነው። በባሕሩ ዳር ካለው ፎቅ፣ አሥራ አራት ቁጥር፣ በየዓመቱ የሐምሌ መጨረሻ ሳምንት የእነሱ ነው፤ ሌላው ሳምንት ሁሉ የሌላ ሰው። ሐምሌ ደግሞ እዚያ ብርዳማ ክረምት ነው፤ ነፋሱ አሸዋውን እያነሳ ሻይህ ውስጥ ይጨምረዋል። የረከሰላቸውም ለዚያ ነው።

መጥበሻው ዓመት ሳይሞላው ተቃጠለ። ሳምንቷ ግን አትቃጠልም፤ በየዓመቱ የጥገና መዋጮ ትላለች፣ በየዓመቱም ትጨምራለች።

ካዮግል ምን ያህል እንደሳቀባቸው! የሚታለብ ላም ያለው ሰው የዕረፍት ሳምንት ገዛ ተብሎ ተሰምቶ ያውቃል? ጎረቤታቸው መርቭ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ክላይቭ፣ ላሞቹን ይዘሃቸው ልትሄድ ነው ወይስ ባሕሩን ልታልበው?» አለው።

እውነቱን ነው። ላም እሁድ አታውቅም፤ ገናንም አታውቅም። ልጃቸው ጃኔል የተወለደች ዕለት እንኳ ክላይቭ ሕፃኗን አቅፎ አየና ሰዓቱን አየ፤ «ላሞቹ ይጠብቁኛል» ብሎ ወጣ። ኖሪን ስንት ዓመት ለመነችው፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ እንረፍ እያለች። «ማን ያልብልኛል?» ነው መልሱ።

የእሷ ልመና ያላንቀሳቀሰውን ሰው ወረቀቱ አንቀሳቀሰው። ክላይቭ ገብጋባ ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። «የተከፈለበት ነገር አይባክንም» አለ፤ ለመርቭ ከፍሎ አላቢ አደረገውና በየሐምሌው ባሕር ወረደ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጎህ ሳይቀድ፣ በማለቢያው ሰዓት፣ ይነሳና በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። በሦስተኛው ቀን ግን ፀሐይ ፊቱ ላይ እስክትወጣ ይተኛል። ኖሪን ባሏን በቀን ብርሃን ተኝቶ ያየችው እዚያ ብቻ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው መስመር ሲተኛ ይጠፋ ነበር።

እሷስ? እሷማ ለቁርስ ተነስታ፣ ምሳ ሠርታ፣ ፎጣ አጥባ፣ ሳህን አጥባ፣ እንደገና እራት። የሳህን ማጠቢያው መስኮት የሚያየው ደግሞ የመኪና ማቆሚያውን ነው። ለእሷ የሸጡላት ሌላ ኩሽና እንጂ ባሕር አልነበረም።

ክላይቭ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ላሞቹም ተሸጡ። ጃኔል ባለፈው በጋ ተቀምጣ ጥቅሙን በአንድ ወገን፣ ኪሳራውን በሌላ ወገን ጻፈችላት። «እማ፣ በዚህ መዋጮ ደህና ሆቴል ገብተሽ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። ደግሞስ አንቺ ስትሄጂ ወደ እኔ ነው የሚዞረው። በጭንቅ የቤት ኪራይ የምከፍል ሴት ነኝ።» ኖሪንን ያንገበገባት ይኸኛው ነው። ውሰዱልኝ ብላ ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፤ ለአንዱም መልስ አልሰጧትም። ዘንድሮ በእግሯ መጣች።

አዳራሹ ውስጥ ትሬንት የሚባል፣ ጥርሱ ከሸሚዙ የነጣ ጎረምሳ ወንበር ሳበላት።

«ኖሪንዬ! እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? ክላይቭስ የታለ?»

«መቃብር።»

«ውይ፣ አዝናለሁ» አለና የባልና ሚስቱ ስም ያለበትን ወረቀት ገለበጠ። «እንግዲያው ሕይወትሽን የምትኖሪው አሁን ነው! ሳምንትሽን የትም አገር ሆቴል በሚያስገባ ነጥብ እንቀይርልሽ። ትንሽ ትጨምሪና ፊጂ በይ፣ ባሊ በይ…»

«የመጣሁት ልመልስላችሁ ነው።»

«መመለስ የሚባል ነገር የለም ኖሪንዬ። ካንቺ በኋላ ለልጅሽ ያልፋል። ውርስ እኮ ነው!»

«ውርስ?» ደሟ ፈላ። «ውርስ ያልከኝ ላሞቹን ቢሆን እሺ፤ ወተት ነበራቸው። ይህቺ የሰማይ ላም ናት፤ ወተቷ አይታይም፣ መኖ ግን በየዓመቱ ትጠይቃለች። ደግሞ ኖሪንዬ አትበለኝ። እንዲያ የሚለኝ ሞቷል።»

ትሬንት ፈገግታውን ሳያጠፋ፣ «በቃ፣ ስታስቢበት ትመለሻለሽ» ብሎ ተነሳ።

ኖሪን ግን አልተነሳችም። ፔርሙሷን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ሻይ ቀዳች። ምጥ የያዛት ላም አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠች ሴት፣ ጥርሱ በነጣ ልጅ ትሸነፋለች?

አጠገቧ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል። ታሚካ የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ ናት፤ ባሏ ሩበን የጭነት መኪና ይነዳል፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። እንቁላላቸውን እየበሉ ነው።

«ጣፋጭ ነው?» አለቻቸው ኖሪን።

«ደህና ነው፣ እናቴ» አለ ሩበን።

«በደንብ ብሉት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ትከፍሉበታላችሁ። እኔን ጠይቁኝ፤ ባለቤት ነኝ።»

ሁለቱም ዞሩ። ከሌላው ጠረጴዛም የሚዞር ነበር። ትሬንት እየሮጠ መጣ፦ «እባክሽ፣ ሰዎች ይረበሻሉ።»

«ባለቤት ነሽ አላልከኝም? ባለቤት በቤቱ አይናገርም?»

ተናገረችም። የመዋጮውን፣ የነፋሱን፣ መልስ ያላገኙትን ደብዳቤዎች፣ የሳህኑን ነገር። ውሸት ግን አልጨመረችበትም፤ ጥሩውንም አልደበቀችም። ክላይቭ በሦስተኛው ቀን እንዴት ይተኛ እንደነበር ስትነግራቸው ድምጿ ለሰለሰ።

ታሚካ ሹካዋን አስቀመጠች። «ሩበን፣ ይህ እኮ ላንተ ነው። እኔ ስድስት ወር ሙሉ እረፍ እረፍ ስልህ አልሰማኸኝም። ከፈረምክ ግን ታርፍ ይሆናል…»

ትሬንት እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

«እስክሪብቶውን እንዳትነኪ!» አለቻት ኖሪን ታሚካን፤ የሻይ ኩባያዋ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ የተናደደችው በእነዚህ ሰዎች ነበር፤ አሁን ገና ነው ቁጣዋ ወዴት እንደሚሄድ የገባት። «እኔ አሥራ አምስት ዓመት ለመንኩት! ሚስቱ፣ የልጁ እናት! እኔን እምቢ ብሎ ለወረቀት ታዘዘ። ለወረቀቱ የታዘዘውን ግማሽ ለእኔ ቢታዘዘኝ ኖሮ፣ እዚያችው ወንዛችን ዳር ድንኳን ተክለን እንተኛ ነበር፤ በነጻ!» ወደ ሩበን ዞረች። «አንተ፣ የምታሳርፍህ ሚስትህ ናት ወይስ ወረቀት? አሁኑኑ ንገራት።»

ሩበን ጆሮው ድረስ ቀላ። «እሺ… ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ከሥራ እወስዳለሁ።»

«ለእኔ ሳይሆን ለእሷ።»

«ታሚ፣ የሳምንት ዕረፍት እወስዳለሁ። ሙች።»

ሁለቱም ተነሱ። ከወዲያ ማዶ ሌሎች ባልና ሚስትም ካፖርታቸውን አነሱ። ያኔ ከውስጠኛው ክፍል ባለ ግራጫ ፀጉር ኃላፊ ወጣችና ጎንበስ ብላ፣ «ወይዘሮ፣ ባለቤታቸው ለሞተባቸው አባላት የተለየ የመልቀቂያ መንገድ አለን። እዚህ ጋ ይፈርሙ። ከዚህ ሳምንት በኋላ ምንም የለብዎትም፤ በልጅዎም ላይ» አለቻት።

«ሦስት ደብዳቤ ስጽፍ ይህ መንገድ የት ነበር?»

ሴትየዋ እስክሪብቶ አቀበለቻት። ኖሪን ፈረመች፤ ቃል በቃል አንብባ፣ ቅጂውን ተቀብላ፣ ቁልፏንም ተቀብላ።

ስድስት ቀን ብቻዋን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳታስበው ወደ ጎኗ ዞራ አየች። ትራሱ ላይ ፀሐይ ብቻ ነበረች። «ገብጋባ» አለችው፣ እንባዋን በአንሶላው ጠርጋ።

በመጨረሻው ጠዋት በሩ ላይ የተለጠፈው ደንብ፣ ባለቤቶች ሳህን አጥበው እንዲወጡ ያዛል። ኖሪን እንቁላሏን በላች፤ ሳህኑን፣ የእንቁላል መጥበሻውን፣ ሹካውን ማጠቢያው ውስጥ ከመረች። የውሃውን ቧንቧ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ በረንዳው አወጣች፣ ቁልፍ የመመለሻው ሰዓት እስኪደርስም ባሕሩን ስታይ ቆየች።

ሳህኑን እንደቆሸሸ ትታው ወጣች።