ቦርዴ ቤት ያልገባው ቶም

ባለፈው እሁድ የምስጋና ቀን ነበርና በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ሥር የተከመረው እሸት በቆሎ ሽታው ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ለጸሎት ዓይኔን ስጨፍን ያ ጥሬና ጣፋጭ ሽታ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ፤ ጋምቤላ ክልል ተብላ ከተማው ሁሉ በስብሰባና በአዲስ ባንዲራ ወደተጠመደባቸው ዓመታት።

ያኔ ጎረቤታችን ኦባንግ ቶም ይጫወት ነበር። ቶም በሁለት እጅ የሚያዝ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ከጃንጥላ ሽቦ የተቀጠቀጡ ምላሶች ላዩ ላይ ተደርድረው በአውራ ጣት ይመታሉ። ኦባንግ ከእርሻ ሲመለስ ከማንጎ ዛፋችን ሥር ይቀመጣል፤ ጓደኛው ኦሞድ ደግሞ ትልቁን፣ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርመውን ቶም ይዞ ከጎኑ ይሆናል። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ እናቴ ሳህን ማጠቧን ታቆማለች፣ የሚያለቅስ ሕፃን ይባበላል፣ እኛም ልጆቹ “ዝም በል!” እንባባላለን። ዘፈኖቹ ስለራሳችን ነበሩ፤ የእኔ የፊት ጥርስ መውለቅ እንኳ አልቀረም፣ ተዘፍኖለታል።

ከዚያ ኦባንግ ጌታን ተቀበለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበረው አባቴ “ቶም የጭፈራና የመጠጥ ነው፤ ተወው” አለው። ኦባንግ አልተከራከረም። ማንጎው ሥር ጸጥ አለ። እናቴ ሲመሽ “ይሄ ሰው ታመመ እንዴ?” ትላለች። ኦባንግ ግን በጉባኤ መካከል ቆሞ ሲዘምር አውራ ጣቶቹ ባዶ አየር ላይ ሲመቱ አያቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ባሮ ሞልቶ የወንዝ ዳር በቆሎውን ጠራርጎ ወሰደበት። በምስጋናው ቀን ሰው በቆሎውን፣ ሰሊጡን፣ ደረቅ ዓሣውንና ዶሮውን ሲያመጣ ኦባንግ ቶሙን አምጥቶ ክምሩ ላይ አኖረ። “ሌላ የለኝም” አለ። ለጌታ የመጣ ስጦታ አይመለስም፤ አባቴም ተቀበለ።

እንደ ልማዳችን ከአምልኮ በኋላ ስጦታው ውጭ በጨረታ ይሸጣል፤ ለርካሽ ዶሮ ሲል የማያምነውም ጎረቤት ይመጣል። አጫራቹ አባቴ ነበር። ተራው ቶሙ ላይ ሲደርስ ቦርዴ ቤት ያላት፣ የእህል ጠላዋን ለሰፈሩ የምትሸጠው አኳታ እጇን አወጣች።

“የአሪየት አባት፣ ለእኔ! ቤቴ ሙዚቃ አጥቶ ቀዝቅዟል” አለች፣ አባቴን በእኔ ስም እየጠራች።

የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። “ቦርዴ ቤትማ አይሆንም።”

“ቅድም ዶሮዋን ስትሸጥልኝ የት እንደምትበላ ጠይቀኸኛል?”

ሕዝቡ ሳቀ። ኦባንግ ብቻ አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ቶሙን አየ፣ ኦባንግን አየ። በመጨረሻ “ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ከቤቱ አይወጣም” አለ።

“ታዲያ ማን ሊጫወተው ነው? አንተ?” አለች አኳታ።

አባቴ መዝሙር እንኳ ከዜማው ውጭ የሚዘምር ሰው ነበር፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና “ና፣ ወንድሜ” ብሎ ቶሙን ኦባንግ እጅ ላይ አኖረው። ኦባንግ ጣቶቹን በሱሪው ጠርጎ መዝሙር ጀመረ። አሮጊቶቹ እልል አሉ፤ ወዲያው ደግሞ፣ እንዳይሸፍኑት ብለው ዝም አሉ። አኳታ ዶሮዋን ታቅፋ እስከ መጨረሻው ቆመች። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከኋላ ወንበር አትጠፋም ነበር፤ “የመጣሁት ለቶሙ ነው” ትላለች።

ዛሬ ኦባንግ የለም። ኦሞድም ወደ ፑኝዶ ከተማ እንደሄደ ቀረ። ኦባንግ ከዚያ ወዲህ በቶሙ የደረሳቸውን መዝሙሮች ልጆቼ በኪቦርድ ይዘምሯቸዋል፣ ድምፅ ማጉያው እስከ ባሮ ማዶ ያሰማቸዋል፤ መዝሙሮቹ ስላልጠፉ ጌታ ይመስገን። ግን አሁን ለመስማት ማንም ዝም ማለት አያስፈልገውም። እኔ፣ አንድን ለስላሳ ድምፅ ለመስማት ሰፈር ሙሉ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ አይቼ አድጌአለሁ። ለዚህም አመሰግናለሁ።