ነፋስ እንዳይነካት

አቶ አጥናፉ በሰማንያዎቹ ዓመታት መጨረሻ ካዛንቺስ የቀበሌ ቤት ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሚስታቸው በወሊድ ስላረፈች ልጃቸውን ሰብሊን ጡጦ እያጠቡ፣ ጸጉሯን በገዛ እጃቸው እየሠሩ አሳደጓት። ጎረቤት ግን መቼ ዝም ይላል፤ «አቶ አጥናፉ፣ ይሄ ጠማማ ሹሩባ እኮ ወደ ኡራኤል ተነሥቶ ቡልጋሪያ ነው የሚደርሰው» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ልጅቷ አስም ነበረባት። እሳቸው የሚጠረጥሩት ብርዱን ነው። ስለዚህ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጋዜጣና በሊጥ ለጠፉት፤ ከበሩ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ ወተፉ። ከሥራ ሲመለሱ አልጋዋ አጠገብ ይቀመጡና ሲጋራቸውን ለኩሰው ያስጠኗታል። ደረቷ ሲያፏጭ፣ «ደግሞ በየት በኩል ገባ ይሄ ነፋስ?» እያሉ ሌላ ጋዜጣ ይለጥፋሉ።

ሰባት ዓመቷ ላይ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትንፋሽ አጥሯት ጤና ጣቢያ ተሸክመዋት ሮጡ። ኦክስጅን ተደርጎላት ስትረጋጋ ሐኪሟ ጠየቀቻቸው።

«ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ። ግን መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ነው፤ ነፋስ አይነካትም።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ደረቷን የሚዘጋው እኮ ጭሱ ነው። መስኮቱን ሲዘጉ ጭሱን ከእሷ ጋር ይቆልፉታል።»

የዚያኑ ዕለት ሊጡን በቢላ ፍቀው መስኮቱን ከፈቱ። ሲጋራውን ግን ሦስት ጊዜ ትተው ሦስት ጊዜ ተመለሱበት። ውጭ አጭሰው ሲገቡ እንኳ የኮታቸው ሽታ ያስላታል። በመጨረሻ ወሎ ሰፈር ለምትኖረው እህታቸው ለጀማነሽ ሰጧት።

«እስክተወው ድረስ ብቻ ነው» አሉ።

እሑድ እሑድ ኮታቸውን አጥር ላይ ሰቅለው ይገባሉ። ሰብሊ ገመድ ትዘላለች፤ ደረቷ አያፏጭም። ሹሩባዋ ቀጥ ብሎ ተሠርቷል። ጀማነሽንም «እማዬ» ማለት ጀምራለች።

ሲጋራውን እርግፍ አድርገው የተዉት ልጅቷን ከሰጡ በአሥራ አንደኛው ዓመት ነው። ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ፤ አልጋዋን አነጠፉና ደወሉላት።

መጣች። ቁመቷ የሟች እናቷን ያህል ሆኗል። እንደ እንግዳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አታድሪም?»

«አይ አባዬ፣ እማዬ ትጠብቀኛለች።»

ጥቂት ቆይታ ትከሻዋን ሰበሰበች። «በቃ ሁሌ እንዲህ ይበርዳል እንዴ? መስኮቱን ልዝጋው?»

«ተይው ልጄ» አሉ አቶ አጥናፉ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት።